ቀዳዳው ሲደፈን ማን ይከፍላል?

ነገሩን ከአንድ ሱቅ እንጀምር። ሱቁ የማንም አይደለም፤ ለክርክራችን እንዲያገለግለን ፒያሳ ላይ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ በምናባችን የከፈትነው ነው። ጫማና ልብስ ይሸጣል። ወርዱ አራት ሜትር ቢሆን ነው፤ መሐሉ በቺፑድ ተከፍሏል። በግራ በኩል በመስታወት ተሰቅሎ የሚታየው ንግድ ፈቃድ የባልየው ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው የሚስትየው። ሁለት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሁለት በር፣ ሁለት ታፔላ አለ። ዕቃው ግን የሚመጣው ባንድ ጭነት ነው፤ የሚገዛው ባንድ ገንዘብ ነው፤ ማታም የሚቆጠረው ባንድ መሳቢያ ነው። ደንበኛ በግራው ሱቅ 41 ቁጥር ጫማ ጠይቆ ሲያጣ፣ ሻጩ በቺፑዱ ሥር በተተወች ቀዳዳ እጁን ሰዶ ከቀኙ ሱቅ ያወጣለታል። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱም ሱቆች ለየብቻቸው ሒሳባቸውን ያሳውቃሉ። አንዳቸውም የሐሰት ቁጥር አልጻፉም። እንግዲህ እነዚህ ባልና ሚስት ምን አጠፉ? ሕግ ጥሰዋል? ሕግ ባይጥሱስ በደል ሠርተዋል? ከሠሩስ የተበደለው ማን ነው? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው፤ የበደሉ ልክ የሚታወቀው ተበዳዩ ሲታወቅ ነውና።

አስቀድመን የቺፑዱን ዋጋ እናስላ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የግለሰብ ነጋዴን ትርፍ የሚያስከፍለው በደረጃ ነው። አዋጁ ሲወጣ በነበረው ሠንጠረዥ፣ ከዓመቱ ትርፍ የመጀመሪያው 7,200 ብር ነፃ ነበር፤ ከዚያ መጣኔው ከ10 በመቶ ተነሥቶ ከ130,800 ብር በላይ ባለው ትርፍ ላይ 35 በመቶ ይደርስ ነበር። በዚያ ሠንጠረዥ ዘመን ሱቁ በዓመት 260,000 ብር አተረፈ እንበል። ትርፉ በአንድ ሰው ስም ቢሆን ግብሩ 73,000 ብር ነው። ለሁለት ሲገመስ ግን እያንዳንዱ ወገን በ130,000 ብር ትርፍ 27,540 ብር ይከፍላል፤ የሁለቱ ድምር 55,080 ብር ይሆናል። ቺፑዱ በዓመት 17,920 ብር ያስገባል ማለት ነው። ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። ለተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) የመመዝገብ ግዴታ የሚመጣው ሽያጩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው፤ ጣሪያው መጀመሪያ 500,000 ብር ነበር፣ በኋላ 1,000,000 ብር ሆኖ ነበር። ከጣሪያው በታች የቀረ ዕቃ ሻጭ ለብዙ ዓመታት 2 በመቶ የተርን ኦቨር ታክስ ብቻ ሲያስከፍል፣ ከጣሪያው ያለፈው 15 በመቶ ቫት ያስከፍል ነበር። በ4,000 ብር ጫማ ላይ አንደኛው 80 ብር፣ ሌላው 600 ብር ይጨምራል። ገበያተኛው በየትኛው በር እንደሚገባ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ሰው ግብሩን ዝቅ የሚያደርግባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ክርክሩ የሚበላሸው ሦስቱ ሲደባለቁ ነው። የመጀመሪያው ሕጉ ራሱ አስቦበት የከፈተው በር ነው። ነጋዴው ወጪውን በደረሰኝ አስደግፎ ከገቢው ይቀንሳል፤ የማሽኑን እርጅና ያስባል፤ ያለፈ ዓመት ኪሳራውን ወደሚቀጥለው ያሸጋግራል። በዚህ በር የሚገባን ሰው የሚወቅስ የለም፤ በሩ የተሠራው እንዲገባበት ነው። ሁለተኛው ስወራ ነው፦ ሁለት መዝገብ መያዝ፣ ያለ ደረሰኝ መሸጥ፣ ያልተገዛ ዕቃ ደረሰኝ መግዛት። ይህ ውሸት ነው፤ የታክስ አስተዳደር አዋጁ ቁጥር 983 ገቢውን ደብቆ ግብር የሚሰውርን ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ነገሩ ግን ወረቀቱ እንደሚለው አይደለም። የቺፑዱ ሱቅ እዚህ ላይ ነው። የቴምብር ቀረጡንና ስም የማዛወሩን ጣጣ ሽሽት ተሸጦ ሳለ በውክልና የሚነዳ መኪናም እዚህ ላይ ነው፤ ሊብሬው የሻጩን ስም እንደያዘ ገዢው ዓመታት ይነዳዋል። ገንዘቡ በእጅ ተቆጥሮ ውሉ ግን «ስጦታ» ተብሎ የሚፈረምበት ቤትም እንደዚሁ። በአማርኛ የሕግ ቀዳዳ የምንለው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ዛሬ የምንመረምረውም እሱን ብቻ ነው።

ሱቃችንን የከፈትንበት ሰፈር፣ አራዳ፣ ለሦስተኛው ዓይነት ሰው የማሞገሻ ቃል አውጥቷል። አራዳ የቦታ ስም ብቻ አይደለም፤ የከተማን ጠባይ ያወቀ፣ የማይሸወድ፣ መንገዱ ሲዘጋ አቋራጭ የሚያገኝ ሰው ማለት ነው። ተቃራኒው ፋራ ይባላል። በዚህ መዝገበ ቃላት ቺፑዱን ያቆመው አራዳ ነው፤ 73,000 ብሩን ቆጥሮ የሚከፍለው ፋራ ነው። ነገር ግን አማርኛ ሌላ፣ ከዚህ የቆየ ቃልም አለው። ግብር አንድም ለመንግሥት የሚገባ ነው፤ አንድም ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ሕዝቡን የሚያበሉት ድግስ ነው፤ አንድም የሰው ሥራ፣ ምግባሩ ነው። መልካም ጠባይን የምናስተምርበት ትምህርት ግብረ ገብ የተባለው ከዚሁ ሥር ወጥቶ ነው። ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ ገባር ተብሎ የኖረው ገበሬ ከድግሱ ምን ያህል እንደደረሰው ታሪክ ያውቃል። ያም ሆኖ ቋንቋው አንድ አሳብ አኑሮልናል፤ የገባው ተመልሶ የሚበላ ነው፣ መግባቱና መብላቱም የአንድ ማኅበር ሥራ ነው። ያልገበረ ሰው ከማዕዱ ሲቀመጥ የበላው የንጉሡን አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የገበረውን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። የቀዳዳ ተጠቃሚ የመጀመሪያ መልስ «ሕግ አልጣስኩም» የሚል ነው። ይህን ከማለቱ በፊት የ2008ቱን አዋጅ እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባዋል። አንቀጽ 78 ግብር ከፋዩ ገቢውን ከሌላ ሰው ጋር ተከፋፍሎ ግብሩን ለመቀነስ ቢሞክር፣ ባለሥልጣኑ ሒሳቡን እንደገና አስተካክሎ እንዲሠራ ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 79 ተዛማጅ ኩባንያዎች እርስ በርስ በሚገበያዩበት ዋጋ ትርፍን ከአገር አገር እንዳያንሸራትቱ ይመለከታል። አንቀጽ 80 ደግሞ ከሁሉም ይሰፋል፤ ብቸኛ ወይም ዋነኛ ዓላማው የግብር ጥቅም ማግኘት የሆነን ዕቅድ፣ እያንዳንዱ ወረቀቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ እንዳልተደረገ ቆጥሮ ግብሩን ማስላት ይፈቅዳል። በዚህ የተያዘ ሰው ያስቀረውን ግብር ብቻ አይደለም የሚከፍለው፤ የቅጣቱ መጠን የግብሩ እጥፍ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ወንጀል ባይባልም ሕጋዊም አይደለም፤ ሕጉ «አላውቅህም» ብሎ የሚያልፈው ነገር ነው። በእኛ ሱቅ ዋናው ጥያቄ የሚስትየው ፈቃድ መኖር አይሆንም። ሚስትየው በራሷ ገንዘብ ገዝታ፣ በራሷ አዋቂነት ነግዳ ካተረፈች ራሷን የቻለች ግብር ከፋይ ናት፤ ማንም ሊነካት አይችልም። ስሟ ብቻ ከተሰቀለ ግን ሁለተኛው ሱቅ የለም፤ ያለው ቺፑድ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 የእንግሊዝ ከፍተኛው ችሎት የዌስትሚኒስተርን መስፍን ጉዳይ አየ። መስፍኑ ለአትክልተኛው ደመወዝ መክፈልን በየጊዜው ገንዘብ ለመስጠት በገባው የውል ሰነድ ለወጠው፤ ሥራው ያው፣ ገንዘቡም ያው ሆኖ ሳለ በሰነዱ ምክንያት ከግብር የሚቀነስለት አገኘ። ዳኞቹ ለመስፍኑ ፈረዱ፤ ማንኛውም ሰው ሕጉ እስከፈቀደለት ድረስ ጉዳዩን ግብሩ እንዲያንስ አድርጎ ማደራጀት ይችላል አሉ። ያ ፍርድ የዓለም የግብር አማካሪዎች መመኪያ ሆኖ ኖረ። ነገር ግን ከ46 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ይኸው ችሎት ራምዚ በተባለው ኩባንያ ጉዳይ፣ አንድ ላይ እንዲፈጸሙ የተቀነባበሩ እርምጃዎችን አንድ በአንድ ሳይሆን በጠቅላላ ውጤታቸው ማየት ጀመረ። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. በ1935 በግሬጎሪ ጉዳይ፣ ከግብር ሌላ ምንም የንግድ ዓላማ የሌለው የኩባንያ አደረጃጀት በሕግ ፊት አይቆምም ብለው ነበር። ሁሉም የደረሱበት ቦታ አንድ ነው። ሰው የራሱን ጉዳይ የማደራጀት ነፃነት አለው፤ የሌለውን ነገር በወረቀት የመፍጠር ነፃነት ግን የለውም።

አራዳ ከቀዳዳ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ከማዞራቸው በፊት የከተማው ዋና ገበያ እዚሁ በጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር፤ ገበያውንና ቀረጡን የሚያስተዳድረው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ የተሰጠው ለአዲስ አበባው ነጋድራስ ለኃይለ ጊዮርጊስ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር ከፈረንሳይ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የተፈረመው ውል ደግሞ በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የሚጣለውን የመግቢያ ቀረጥ ከ10 በመቶ፣ በመጠጥ ላይ ከ8 በመቶ እንዳያልፍ አሰረው፤ የሌሎች አገሮች ሰዎችም በዚሁ ጥላ ሥር ተጠለሉ። ከጠንካራ የውጭ መንግሥት ሌጋሲዮን ጥበቃ ሥር መግባት በአራዳ ንግድ ራሱን የቻለ ካፒታል ነበር። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት የውሉን ቃል ሳይነካ ከመግቢያ ቀረጡ ሌላ የፍጆታ ቀረጥ ደነገገ፤ ውሉ የሚያስረው የመግቢያ ቀረጥን ነው፣ የፍጆታን አላለም። ማለትም መንግሥትም በተራው ቀዳዳ አገኘ። ይህን የምጠቅሰው «መንግሥትስ ያደርገው የለ» ለማሰኘት አይደለም። በእኩል ያልተዋዋለ፣ ሉዓላዊነቱን የተነካ አገር ከመንገዱ የተሻለ ምርጫ አልነበረውም ሊባል ይችላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ነጋዴው በጥበቃ ሲያመልጥ፣ መንግሥት በአዲስ ስም ሲያስከፍል፣ አዲሱ ቀረጥ ያረፈው ቡናውን በስኳር በሚጠጣው፣ አቡጀዲ በሚለብሰው ገዢ ዋጋ ላይ ነው። ቀዳዳው ሲከፈትም ሲደፈንም ከፋዩ ከውሉ ጠረጴዛ አጠገብ ያልነበረ ሰው ነው።

የመሬቱ ግብር ታሪክ ይህንኑ በጉልህ ያሳያል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ብሎ መደበው፤ አሥራቱን ጨምሮ በአንድ ጋሻ 50፣ 40 እና 15 ብር አስከፈለ። ወዲያው ቀዳዳው ተገኘ። በ50 እና በ15 መካከል ያለው ልዩነት ያለው በመዳቢው ብዕር ላይ ነው፤ ጉልበት ያለው ባለመሬት ለሙን ጠፍ አስባለ፣ ጋሻውንም ሲለኩት እንዲጠብ አደረገ። ከዚህ የባሰው የአሥራቱ ነገር ነው። ባለመሬቱ ለመንግሥት የሚያስገባው ቁርጥ ገንዘብ ሲሆን፣ ከጭሰኛው የሚወስደው ግን የሰብሉን ከአሥር አንድ ነበር፤ ምርቱና ዋጋው ባደገ ቁጥር በመካከል ያለው ትርፍ የባለመሬቱ ሆነ። አንድም ሕግ አልተጣሰም። መንግሥት ይህን ለማስተካከል በ1960 ዓ.ም. አሥራቱን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ፣ ለማስከፈል ምርቱን መገመት ግድ ሆነ። ገማቾቹ ጎጃም ሲገቡ የርስት መሬታችን ሊለካ ነው ብሎ ገበሬው ተነሣ፤ ጦር ዘመተበት፣ ሰው ሞተ፣ በመጨረሻም መንግሥት አፈገፈገ። በደቡቡ ጭሰኛ ትከሻ የከበሩት ባለመሬቶች የከፈቱት ቀዳዳ ሲደፈን፣ አፈሙዙ የዞረው በራሱ ርስት ወደሚያርስ የሰሜን ገበሬ ነው።

እንግዲህ የክርክሬ አንጓ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ቀዳዳ የሚጎዳው መንግሥትን ነው ብለን እናስባለን፤ መንግሥት ደግሞ ትልቅ ስለሆነ አይታመምም። ነገር ግን መንግሥት ቀዳዳ ባየ ቁጥር ይደፍነዋል፤ ሲደፍን ደግሞ ብልጡን ከንጹሑ መለየት ስለማይችል በሁለቱም ላይ ይደፍናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 139 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን አስገዳጅ ሲያደርግ፣ ሽያጩን ደብቆ የማያውቀው ነጋዴም ማሽኑን በገንዘቡ ገዛ፤ ሲበላሽ ቴክኒሻን የሚጠራው፣ ወረፋ የሚጠብቀው እሱ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት መዝገብ የማይዙትን የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ገማች ቡድኖች ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ፣ ግምቱ የመጣባቸው በአምቦ፣ በወሊሶና በአዲስ አበባ በመርካቶና በኮልፌ ሱቃቸውን ዘጉ፤ የሚደብቀውም የማይደብቀውም በአንድ ዓይን ተገምተዋልና። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ መርካቶ ዳግም ሱቁን ዘጋ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ፣ በየዓመቱ «ከሰርኩ» የሚሉትን ለመያዝ፣ ግብሩ ቢያንስ ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ እንዲሆን ዝቅተኛ ልክ አበጀ። ይህ ለሐሰተኛው ከሳሪ ተገቢ መድኃኒት ነው። ግን 10,000,000 ብር ሸጦ የእውነት የከሰረ ሰውም አለ፤ እሱ ካላተረፈው ላይ 250,000 ብር ይከፍላል። ያን ገንዘብ በእሱ ላይ የጫነው የሕግ አውጪው ብዕር ብቻ ሳይሆን፣ ከእሱ በፊት ለዓመታት በወረቀት ሲከስር የኖረው ጎረቤቱ ጭምር ነው።

ይህን ስል የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ጠንካራም ነው። «ሕግ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ዜጋ የሕጉን ቃል እንጂ የሕግ አውጪውን ልብ እንዲያነብ አይገደድም። ዛሬ መንፈሱን ተከተሉ ብለን ከፈቀድን ነገ ማንኛውም ተቆጣጣሪ የፈለገውን ግብይት ማምለጫ ብሎ ይጥላል።» ይህ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው እንደ አንቀጽ 80 ያሉ ሰፊ ሥልጣኖች በጥንቃቄ መያዝ የሚገባቸው። የግብር ውሳኔ አግባብ አይደለም የሚል ሰው ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ሲያመለክት አስቀድሞ ከተከራከረበት ግብር 50 በመቶውን እንዲከፍል መጠየቁ፣ ያለ አግባብ ለተነካው ድሀ ነጋዴ በሩን ያጠብበታል። ነገር ግን ተቃውሞው የሚከላከለው የማያውቀውን ሰው ነው፤ የቀዳዳ ተጠቃሚ ደግሞ የሕጉን መንፈስ ከማንም አብልጦ ያውቃል። የቫቱ ጣሪያ ለትንሽ ነጋዴ እንደታሰበ ባያውቅ ኖሮ ትንሽ ለመምሰል ቺፑድ ባላቆመ። የማያሻማ ልብ ያለው፣ ሕጉ ግን የሚያሻማበት ሰው ሌላ መንገድ አለው፤ የታክስ አስተዳደር አዋጁ ግብር ከፋዩ ግብይቱን በጽሑፍ አስረድቶ፣ ሕጉ እንዴት እንደሚተረጎምበት አስቀድሞ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ቺፑድ ያቆመው ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ መልሱን ስለሚያውቀው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ በየቡና ቤቱ የሚሰማው ነው፦ «የምንከፍለውን ማን በላው? መንገዱ ይፈርሳል፣ ውሃው በፈረቃ ነው፣ ሹሙ ይበላል፤ ለሌባ ከመስጠት ለልጆቼ ባስቀር ምን አለበት?» ቁጣው ምክንያት አለው፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ያወረሰን ሥርዓት ነው። ግን ተቃውሞው ከቀዳዳው ጋር አይገጥምም። በብክነት የተቆጣ ዜጋ ቁጣውን ፊት ለፊት ይናገራል፤ በምክር ቤት፣ በጋዜጣ፣ በፍርድ ቤት በጀቱ እንዲታይ ይጠይቃል። ቀዳዳ የሚጠቀም ሰው ግን ዝም እንዲባል ይፈልጋል፤ ብክነቱ ነገ ቢቆም እንኳ ቺፑዱን አያነሣም። ከዚህም በላይ ቀዳዳ ብክነትን ያራባል። የግብር ሠራተኛው ቺፑዱን አይቶ እንዳላየ ለማለፍ ዋጋ ሲጠይቅ፣ ቀዳዳው ለሹሙ ሁለተኛ ደመወዝ ሆነ ማለት ነው። የአገሪቱ የግብር ገቢ በ2007 ዓ.ም. ገደማ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቱ 12 በመቶ ያህል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ከ8 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ለዚህ ጦርነቱም፣ የዋጋ ንረቱም፣ መንግሥት ራሱ የሰጣቸው ነፃ መብቶችም ድርሻ አላቸው፤ ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴው ላይ መጫን ግፍ ነው። ይሁንና ገቢው ባነሰ ቁጥር ወይ ብድር ይመጣል፣ ወይ ብር ይታተማል፤ ብር ሲታተም ደግሞ ኑሮ ውድነቱ ቀዳዳ የሌለውን ሰው ከጤፉና ከዘይቱ ላይ ያስከፍለዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ትልልቆቹስ?» የሚል ነው። በኢንቨስትመንት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ ብረትና መኪና ገበያ ላይ ሲሸጥ እየታየ፣ የባልና ሚስቱ 17,920 ብር ምን ቁም ነገር አለው? የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያቋቋሙት፣ በታቦ ምቤኪ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረበው ሪፖርት አህጉሪቱ በሕገ ወጥ የገንዘብ ፍሰት በዓመት ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምታጣ አስታወቀ፤ ትልቁ ድርሻም የንግድ ድርጅቶች ነው። ስታርባክስ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እስከ 2012 ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሸጦ የከፈለው የኩባንያ ግብር 8.6 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ነበር። የፓርላማው ኮሚቴ ሲጠይቀው ሕግ አልጣስኩም አለ፤ ሕዝቡ ሲቆጣ ግን በሁለት ዓመት 20 ሚሊዮን ፓውንድ በፈቃዴ እከፍላለሁ አለ። ይህ ለእኛ ሁለት ነገር ያስተምረናል። የኩባንያው ወረቀት በሕግ ፊት ቢቆምም በአደባባይ ሲነበብ አላስኬደም። ደግሞም ግብር ምጽዋት አይደለም፤ ትልቁ ሲያፍር የሚጥለው፣ ሳያፍር የሚተወው ከሆነ ትንሹ ብቻ ግዴታ ያለበት አገር ሆነ። ስለዚህ የትልልቆቹ ጥፋት የትንሹን አያነጻም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይወስናል። ሕግ አስከባሪው ከቺፑዱ በፊት ወደ መጋዘኑ መሄድ አለበት፤ ሕግ አውጪውም ለማን፣ ለምን፣ ለስንት ዓመት ነፃ መብት እንደሰጠ ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ስንል አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ እሱም ደመወዝተኛው ነው። በአራዳ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ባንክ ቤት ገንዘብ የምትቆጥር ሰው ግብሯ የሚቆረጠው ደመወዙ እጇ ሳይገባ ነው። በ2008ቱ ሠንጠረዥ የወር ደመወዟ 10,000 ብር ከሆነ 2,045 ብር ቀድሞ ይሄድ ነበር። በ2017ቱ ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ጥሩ ነው። ግን ከ600 ብር ጋር ስንት የኑሮ ውድነት ዓመት እንደኖረች አስቡ። ደመወዟን ለሁለት ከፍላ በባሏ ስም ልታስመዘግብ አትችልም፤ ቺፑድ የምታቆምበት ቦታ የላትም። ጫማ ልትገዛ ፒያሳ ስትወርድ ደግሞ ቫቱን የምትከፍል እሷ ናት። የቀዳዳ ግብረ ገብ የሚመዘነው በዚህች ሴት ሚዛን ነው። አንድ ብልሃት ለሁሉም የተከፈተ ከሆነ፣ ሕጉም አስቦበት የሰጠው ከሆነ፣ መጠቀሙ መብት ነው። ወረቀቱን ከእውነቱ በመለየት ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ትርፉም በር በሌለው ሰው ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ይሁን በደል ነው።

አንድ ቀላል መፈተኛ ልተውላችሁ። የሒሳብ አዋቂችሁ አዲስ ዘዴ ይዞ ሲመጣ፣ ዘዴውን ለገቢዎች ሠራተኛው ፊት ለፊት፣ እንደሆነው አድርጋችሁ በቃል ልትነግሩት ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። «ማሽን ገዛሁ፣ እርጅናውን ቀነስኩ» የሚለው ሲነገር ይቆማል። «ሱቁ አንድ ነው፤ ግብሩ እንዲያንስ በሚስቴ ስም ከፈልኩት» የሚለው ሲነገር ይፈርሳል። መኪናውን በውክልና የሸጠውም እንዲሁ ይፈተን፤ መኪናው ሰው ቢገጭ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሣውን የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው፣ ያን ቀን «ሸጬዋለሁ» ብሎ የሚጮኸው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። በወረቀት የዋሸ፣ ወረቀቱ ዞሮ ይይዘዋል። ሲነገር የሚቆመውን ሥሩ፤ ሲነገር የሚፈርሰውን ተዉ። ከዚያ የእኛ ባልና ሚስት ያተረፉት 17,920 ብር የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አጭር ነው። መንግሥት አልከሰረም፤ በሚመጣው ዓመት በሌላ ስም ያስከፍለዋል። የሚከፍለውም ቺፑድ ያላቆመው የጎረቤት ሱቅ ነው።